ገንዘቡ ሲያልቅ ሥራውም አብሮ እንዳያልቅ

እስቲ ወደ ትምህርት ቤታችሁ ግቢ አንድ ጊዜ ዓይናችሁን መለስ አድርጉ። በበሩ አጠገብ ወይም በቤተ መጻሕፍቱ ግድግዳ ላይ ቀይ ሪባን የተሳለበት፣ ቀለሙ የለቀቀ ሰሌዳ ሳይኖር አይቀርም። «ፀረ ኤድስ ክበብ» ይላል። ክበቡ ራሱ ግን ወይ የለም፣ ወይ ለስም ያህል ብቻ አለ። የሚኒ ሚዲያው ድምፅ ማጉያ ተበላሽቶ ጥግ ይዟል። የቁም ሣጥኑ ቁልፍ ወደ ሌላ ወረዳ ከተዛወሩት መምህር ጋር አብሮ ሄዷል።

ምን ሆኖ ነው? አንዳንዱ ሰው «የዘንድሮ ልጆች ሰነፎች ናቸው» ብሎ ይገላገላል። ይሄ ፍርድ ትክክል አይመስለንም። ክበቡ በተቋቋመበት ጊዜ የነበሩት ተማሪዎችም እንደ እናንተው ነበሩ። ያኔ ግን በጀት ነበረ፤ በኋላ በጀቱ አለቀ፤ ሥራውም አብሮ አለቀ። ስለዚህ በዚህ ጽሑፍ ስለ ገንዘብ እናውራ። ማህበራዊ ለውጥ ለማምጣት የሚሠሩ ማህበራትና ድርጅቶች ገንዘባቸውን ከየት ያመጣሉ? ሲቋረጥባቸውስ እንዴት ይቆማሉ? ርዕሱ ሲሰሙት ደረቅ ይመስላል። ውስጡ ግን የሰው ሕይወት አለበት።

ጉዳዩ ለምን የእኛ ሆነ?

ሐሙሲትን ውሰዱ። ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር በሚወስደው አስፋልት ላይ ያለች፣ ስሟ እንደሚናገረው የሐሙስ ገበያ ከተማ ናት። በሐሙሲትም ሆነ በሌሎች የደቡብ ጎንደር ከተሞች ሁለተኛ ደረጃ ከሚማሩት መካከል ብዙዎቹ ከገጠር ቀበሌ የመጡ ናቸው። ለሁለት ለሦስት ሆነው አንድ ክፍል ተከራይተው ይማራሉ። ቅዳሜ ወደ ቤተሰብ ይሄዳሉ፤ እሑድ ስንቃቸውን ተሸክመው ይመለሳሉ። ዱቄቱ፣ ሽሮው፣ በርበሬው ከቤት ይመጣል። ብር ግን እንደ ሽሮ ተቋጥሮ አይመጣም። የቤት ኪራዩ፣ ሳሙናው፣ ደብተሩ፣ የሴቶች ንጽህና መጠበቂያው ሁሉ በብር ነው።

ፈተናው የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው። በዕድሜ የገፋ፣ ኪሱ ሞላ ያለ ሰው መጥቶ «ኪራይሽን እኔ እከፍልልሻለሁ» ሲላት፣ አንዲት የአሥረኛ ክፍል ተማሪ የምትፈተነው የኤች አይ ቪን መተላለፊያ መንገዶች ስለማታውቅ አይደለም። መተላለፊያዎቹንማ ከባዮሎጂ መምህሯ ባልተናነሰ ትዘረዝራቸዋለች! የጎደላት የወር ኪራይ ነው። ገንዘቡን ከተቀበለች በኋላ «ኮንዶም ካልተጠቀምክ» ለማለትም አንደበቷ ይያዛል። ወንዶቹም ቢሆኑ ከዚህ የተለዩ አይደሉም። ደብተርና ጫማ ሲያጥራቸው ለሰሊጥ አጨዳ ወደ መተማና ሁመራ የሚወርዱ አሉ። ከቤተሰብ ርቆ፣ በዳስ እያደሩ፣ የቀን ሥራ ደመወዝ በእጅ ይዞ መዋል ምን ዓይነት አጋጣሚ እንደሚፈጥር ሄደው የተመለሱት ያውቁታል።

ስለዚህ ቫይረሱን መከላከል ፖስተር መለጠፍ ብቻ አይደለም። ልጅቷ ኪራይዋን የምትከፍልበት፣ ልጁ ትምህርቱን ሳያቋርጥ የሚቆይበት መንገድ መፍጠርም መከላከል ነው። ይሄ ደግሞ ገንዘብ ይፈልጋል። የአንድ ዓመት ሳይሆን በየዓመቱ የሚገኝ ገንዘብ።

የእርዳታው ዘመን

ታሪኩን በአጭሩ እንመልከት። በአገራችን የኤች አይ ቪ መከላከል ሥራ በሰፊው ገንዘብ ማግኘት የጀመረው እ.ኤ.አ. ከ2000 ወዲህ ነው። በዚያ ዓመት የዓለም ባንክ ለኢትዮጵያ የኤድስ መከላከል ፕሮጀክት 59.7 ሚሊዮን ዶላር ፈቀደ። በ1994 ዓ.ም. የኤች አይ ቪ/ኤድስ መከላከያና መቆጣጠሪያ ጽሕፈት ቤት በአዋጅ ተቋቋመ። ቀጥሎ ግሎባል ፈንድ መጣ፤ እ.ኤ.አ. በ2003 ደግሞ «ፔፕፋር» የተባለው የአሜሪካ መንግሥት ፕሮግራም ይፋ ሆነ። በ1997 ዓ.ም. የፀረ ኤች አይ ቪ መድኃኒት በነፃ መሰጠት ሲጀምር፣ እስከዚያ ድረስ መድኃኒት ገዝቶ መዋጥ ያልቻለው አብዛኛው ሕመምተኛ ከሞት አፋፍ ተመለሰ። ይህን ማሳነስ አይገባም። ያ ገንዘብ የብዙ ሰው ሕይወት አትርፏል።

ከዚያው ገንዘብ ጥቂቱ ወደ ቀበሌና ወደ ትምህርት ቤት ወረደ። ክበባት ቲሸርት አሠሩ፣ ድራማ አዘጋጁ፣ ቴፕና ድምፅ ማጉያ ገዙ። እድሮች ሳይቀሩ ተንቀሳቀሱ። ለቀብር ብቻ ይሰበሰብ የነበረውን መዋጮ መተዳደሪያ ደንባቸውን አሻሽለው የታመመ አባል የሚረዱበት፣ ወላጅ የሞተባቸውን ልጆች የሚደግፉበት ያደረጉ እድሮች ነበሩ።

ታዲያ የለጋሽ ገንዘብ አንድ ጠባይ አለው። ዕድሜው የተቆጠረ ነው። አንድ ፕሮጀክት ሦስት ወይም አምስት ዓመት ይሠራል፤ ሪፖርት ይጻፋል፤ ፋይሉ ይዘጋል። ለጋሹ ሐሳቡን ከለወጠ ደግሞ ያንኑም ያህል አይቆይም። እ.ኤ.አ. በጥር 2025 አዲሱ የአሜሪካ አስተዳደር የውጭ እርዳታውን በድንገት ሲያግድ ወሬው እዚህ ለመድረስ ሳምንት አልፈጀበትም። በዚያው ወር፣ ማለትም በጥር 2017 ዓ.ም.፣ ደመወዛቸው በአሜሪካ ድርጅቶች ይሸፈን የነበረ ወደ 5 ሺህ የሚጠጉ የጤና ባለሙያዎች የሥራ ውል እንዲቋረጥ መወሰኑ በአገር ውስጥም በውጭም ተዘግቧል። ከእነዚህ ብዙዎቹ በኤች አይ ቪ አገልግሎት ላይ የተሰማሩ ነበሩ። ገንዘቡ የተቋረጠው ሥራው ስላለቀ አይደለም። ውሳኔው የተሰጠው ሌላ አገር፣ በሌላ ምክንያት ነው።

ሁለት ዓይነት ቤት

ወደ ቃላቱ እንግባ። ለትርፍ ያልተቋቋመ ድርጅት ሲባል «ገንዘብ የማያገኝ» ማለት የሚመስላቸው አሉ። አይደለም። ገንዘብ ሊያገኝ፣ ሊሸጥ፣ ሊያተርፍም ይችላል። የማይችለው ትርፉን ለመሥራቾቹ ወይም ለአባላቱ መከፋፈል ነው። ያተረፈው ተመልሶ ወደ ዓላማው ይገባል። ብዙውን ጊዜ የሚኖረው ግን በስጦታና በእርዳታ ነው።

ማህበራዊ ኢንተርፕራይዝ የሚባለው ደግሞ በንግድ የሚተዳደር፣ የተቋቋመበት ምክንያት ግን አንድ የኅብረተሰብ ችግር የሆነ ሥራ ነው። ዕቃ ያመርታል ወይም አገልግሎት ይሸጣል። ከሽያጩ ወጪውን ይሸፍናል። ችግሩን የሚፈታው አንዳንዴ በሚሸጠው ዕቃ፣ አንዳንዴ በሚቀጥራቸው ሰዎች፣ አንዳንዴም በትርፉ ነው።

በመካከላቸው ያለው ድንበር በወረቀት ላይ እንጂ በተግባር ያን ያህል የጠራ አይደለም። የወይዘሮ አበበች ጎበናን ታሪክ ብዙዎቻችሁ ሰምታችኋል። እ.ኤ.አ. በ1980 ለንግሥ ወደ ግሸን ማርያም ሲሄዱ በወሎ ድርቅ የተጎዳውን ሕዝብ አይተው ሁለት ወላጅ አልባ ሕፃናት ይዘው ተመለሱ። በአንድ ዓመት ውስጥ ልጆቹ 21 ደረሱ። ያኔ ፕሮፖዛል የሚጻፍለት ለጋሽ አልነበረም። ምግብ እያዘጋጁ፣ እየሸጡ ነው ልጆቹን ያበሉት። በ2013 ዓ.ም. ሲያርፉ ትልቅ የበጎ አድራጎት ድርጅት ትተው ነበር፤ ሥሩ ግን ጉሊት ነው ማለት ይቻላል።

አውራ አምባ፦ ከጎረቤታችን የምናየው

ሩቅ መሄድ ሳያስፈልግ፣ ከሐሙሲት ወደ ወረታ ወጥታችሁ፣ ከወረታ ወደ ደብረ ታቦር በሚወስደው መንገድ ስትገቡ፣ ዓለም በር ከመድረሳችሁ አካባቢ ከዋናው መንገድ ገባ ብሎ አውራ አምባ የሚባል ማህበረሰብ አለ። ፎገራ ወረዳ ውስጥ ነው። ብዙ ሰው የሚያውቀው «ሴትም ወንድም እኩል የሚሠራበት መንደር» ተብሎ ነው። እኛ ዛሬ የምናየው በሌላ ዓይን ነው፤ ገንዘቡን እንዴት እንደሚያስተዳድር።

ማህበረሰቡ የተቋቋመው በ1964 ዓ.ም. በዙምራ ኑሩ መሪነት ነው። ዙምራ ኑሩ ገና በልጅነታቸው እናታቸው እንደ አባታቸው እርሻ ውለው ቤት ሲገቡ ለምን እንደገና እንደሚፈጩና እንደሚጋግሩ፣ አባታቸው ግን ለምን እንደሚያርፉ ይጠይቁ እንደነበር ይናገራሉ። ያንን ጥያቄ ይዘው ነው ሰው የሰበሰቡት። አካባቢው ግን አልወደደላቸውም። በደርግ ዘመን ማብቂያ ገደማ ሕይወታቸው አደጋ ላይ ወድቆ አገር ጥለው ወደ ደቡብ ምዕራብ፣ ወደ ቦንጋ ለመሰደድ ተገደዱ። ከመንግሥት ለውጥ በኋላ ሲመለሱ የቀድሞ መሬታቸው በሌሎች ተይዞ ነበር። የተረፋቸው 17.5 ሄክታር ብቻ ነው።

እስቲ ቆም ብላችሁ አስቡት። 17.5 ሄክታር በፎገራ ለጥቂት አባወራ እንኳ የሚበቃ መሬት አይደለም። መንደሩ ሙሉ በእርሻ ሊኖርበት አይችልም። ሁለት ምርጫ ነበራቸው። አንደኛው እርዳታ መጠበቅ። ሁለተኛው ሌላ ሥራ መፍጠር። ሽመናን መረጡ።

ሽመና በአገራችን የወንድ ሥራ ሆኖ ነው የኖረው፤ የሴቷ ድርሻ መፍተል ነው። በአውራ አምባ ግን ሴቶቹም ሸማ ይሠራሉ፣ ወንዶቹም ይፈትላሉ። ይሄ በእኩልነት ስለሚያምኑ ብቻ አይደለም፤ ሒሳብም አለበት። ግማሹ ሕዝብ እንዳይሠራ የሚከለክል ባህል ግማሹን ምርት ያስቀራል። ቀስ በቀስ የሽመናው ሥራ ሰፋ። ወፍጮ ቤት ተከሉ፤ የአካባቢው ገበሬ እህሉን አምጥቶ ያስፈጫል። ሱቅ ከፈቱ። ስማቸው እየታወቀ ጎብኚ ሲበዛ ደግሞ ሻይ ቤትና የእንግዳ ማረፊያ አዘጋጁ። አያችሁ? መንደሩን ለማየት የሚመጣው ሰው ጋቢውን ወይም ፎጣውን ይገዛል፣ ሻዩን ይጠጣል፣ ያድራል። የማወቅ ጉጉቱ ራሱ ገቢ ሆነ።

በኅብረት ሥራ ማህበሩ የታቀፉት አባላት አብረው ይሠሩና ዓመታዊ ገቢውን እኩል ይካፈላሉ። ከዚህ ሌላ፣ ለእኛ ርዕስ ዋናው፣ በሳምንት አንድ ቀን የሚሠሩት ሥራ አለ። የዚያ ቀን ገቢ ለራሳቸው አይደለም። ጧሪ ለሌላቸው አረጋውያን፣ ለታመሙና ወላጅ ለሌላቸው ልጆች የሚውል ነው። ለአረጋውያን የተለየ መኖሪያ ቤት አላቸው። የሕፃናት ትምህርትና ቤተ መጻሕፍትም ከራሳቸው ጥረት ነው የጀመሩት።

የአንድ ቀኗን ነገር ልብ በሉ። መዋጮ አይደለም፤ ጉልበት ነው። ብር የሌለው ሰው ብር አዋጣ ቢባል ያፍራል፣ ይቀራል። ቀን ግን ሁሉም አለው። ይሄ ለእኛ አገር አዲስ ነገርም አይደለም። ደቦና ወንፈል ያደግንበት ነው። ልዩነቱ ደቦ በአጨዳና በቤት ሥራ ጊዜ ይጠራል፤ የአውራ አምባው በየሳምንቱ ነው፣ በመዝገብ የተያዘ ነው። ድንገተኛ ደግነት ሳይሆን ቋሚ በጀት ማለት ነው።

ከመንግሥትም ከበጎ አድራጊዎችም ድጋፍ አግኝተዋል፤ «ማንንም አንፈልግም» ያሉ ሰዎች አይደሉም። ነገር ግን ድጋፉ ሲመጣ የሚያርፍበት ሥራ ቀድሞ ነበር። ማሽን ቢሰጣቸው የሚሠራበት እጅ አለ፣ የሚሸጥበት ገበያ አለ፣ ገቢውን የሚመዘግብ ሰው አለ። ብዙ የእርዳታ ፕሮጀክት የሚበላሸው በተቃራኒው ነው። ማሽኑ መጀመሪያ ይመጣል፤ ሠራተኛው፣ ገበያው፣ ጥገናው በኋላ ይታሰባል። በየወረዳው በሸራ ተሸፍነው የቀሩ ማሽኖችን ማየት በቂ ነው።

እርግጥ አውራ አምባን እንደ ገነት መሳልም አንፈልግም። ከጎብኚ የሚገኝ ገቢ መንገድ ሲዘጋ ወይም እንደ ኮቪድ ያለ በሽታ ሲመጣ የሚቀንስ ነው። የሽመና ሥራም ከፋብሪካ ጨርቅ ጋር መፎካከር አለበት። ብዙ ዓይነት ሥራ መያዛቸው የጠቀማቸው ለዚህ ነው፤ አንዱ ሲደክም ሌላው ይሸከማል።

መሸጥ ነውር ነው እንዴ?

«ለሰው መርዳት ከሆነ ለምን በነፃ አይሰጥም?» የሚል ጥያቄ ይነሳል። ከኤች አይ ቪ ሥራ አንድ ምሳሌ እንይ። ዲ ኬ ቲ ኢትዮጵያ የተባለው ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1990 ሥራ ሲጀምር ኮንዶም መግዛት ራሱ የሚያሳፍር ነበር። ድርጅቱ «ሕይወት ትረስት» የተባለውን፣ በኋላም «ሴንሴሽን»ን፣ በለጋሾች ድጎማ ዋጋውን ዝቅ አድርጎ በኪዮስክ፣ በሱቅ፣ በሆቴልና በመድኃኒት ቤት እንዲሸጥ አደረገ። ባለ ሱቁ ከእያንዳንዷ ጥቂት ሳንቲም ያገኛል። ስለዚህ ዕቃው ሲያልቅበት ራሱ ሄዶ ያመጣል፣ ፊት ለፊት ይደረድረዋል። በነፃ ቢሆን ኖሮ ካርቶኑ ከመደርደሪያ ሥር ይቀመጥ ነበር። ጤና ጣቢያ ማታ ሲዘጋ፣ የሰፈሩ ሱቅ እስከ ሦስት ሰዓት ክፍት ነው። ይሄንን ነው «ሶሻል ማርኬቲንግ» የሚሉት፤ የበጎ አድራጎት ገንዘብ ዋጋውን ይቀንሳል፣ የነጋዴ ጥቅም ደግሞ ዕቃውን እስከ ገጠር ያደርሰዋል።

ሁለተኛው ምሳሌ ለሴት እህቶቻችን ቅርብ ነው። ወይዘሮ ፍሬወይኒ መብራህቱ አሜሪካ ኬሚካል ኢንጂነሪንግ ተምረው የተመለሱ ባለሙያ ናቸው። ሴት ልጆች በወር አበባቸው ጊዜ ከትምህርት እንደሚቀሩ ያውቃሉና፣ ታጥቦ እስከ ሁለት ዓመት የሚያገለግል የንጽህና መጠበቂያ ነደፉ። እ.ኤ.አ. በ2009 መቀሌ ላይ «ማርያም ሳባ» የተባለ ፋብሪካ ከፈቱ። ሠራተኞቹ በአብዛኛው ሴቶች ናቸው። ነገር ግን አንድ ችግር ነበረ። መጠበቂያው ከሁሉም በላይ የሚያስፈልጋት የገጠር ልጅ መግዣ የላትም። ይህን የፈታው ሌላ ወገን ነው። አሜሪካ የተቋቋመ ለትርፍ ያልሆነ ድርጅት ከለጋሾች ገንዘብ እየሰበሰበ መጠበቂያውን ከፋብሪካው በዋጋ ይገዛና በትምህርት ቤት ያከፋፍላል፤ ወንዶቹም ተማሪዎች ጭምር ስለ ጉዳዩ ይማራሉ። እርዳታው ከውጭ አገር ዕቃ ጭኖ አላመጣም፤ እዚሁ የተሠራውን ገዛ። በአንድ ብር ሁለት ሥራ ተሠራ ማለት ነው፤ ልጅቷ ትምህርቷን ቀጠለች፣ ሠራተኛዋም ደመወዟን አገኘች። ወይዘሮ ፍሬወይኒ እ.ኤ.አ. በ2019 በሲ ኤን ኤን የዓመቱ ጀግና ተብለው ተመርጠዋል።

ግን ሁሉ ነገር ይሸጣል ማለት አይደለም። የፀረ ኤች አይ ቪ መድኃኒት ለታካሚው ይሸጥ ቢባል ወደ 1997 ዓ.ም. በፊት መመለስ ነው፤ ያለው ይድናል፣ የሌለው ይሞታል። ወላጅ የሌለው የሰባት ዓመት ልጅም «ደንበኛ» ሊሆን አይችልም። እንዲህ ያለው ሥራ የመንግሥት በጀት፣ የሕዝብ መዋጮና እርዳታ ነው የሚፈልገው። «ሁሉም ድርጅት ራሱን በንግድ ይቻል» የሚሉ ሰዎች ይህን ይረሱታል።

ሕጉስ ምን ይላል?

ባጭሩ እንለፈው። በ2001 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 621፣ ከገቢያቸው ከ10 በመቶ በላይ ከውጭ የሚያገኙ ድርጅቶች በሰብዓዊ መብት፣ በፆታ እኩልነትና በሕፃናት መብት ጉዳዮች እንዳይሠሩ ይከለክል ነበር። በ2011 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 1113 ተተክቷል። አዲሱ ሕግ የሲቪል ማህበረሰብ ድርጅቶች ሕጋዊ ከሆነ ከማንኛውም ምንጭ ገንዘብ እንዲያገኙ፣ በገቢ ማስገኛ ሥራም እንዲሰማሩ ይፈቅዳል። ትርፉ ግን ለዓላማው እንጂ ለአባላት ኪስ አይውልም። አስተዳደራዊ ወጪም ከ20 በመቶ መብለጥ የለበትም። የትምህርት ቤት ክበብ በዚህ አዋጅ አይመዘገብም፤ በትምህርት ቤቱ ጥላ ሥር ነው የሚሠራው። ሆኖም ሐሳቡን ማወቅ ይጠቅማል፤ ነገ የምትመሠርቱት ማህበር በዚሁ ሕግ ይዳኛል።

እስቲ በደብተር እንቁጠር

አንድ ክበብ በመስከረም ወር የደብተር ሽያጭ ቢጀምር ምን ይሆናል? ቁጥሮቹ ለስሌት ብለን ያስቀመጥናቸው ናቸው፤ የገበያ ዋጋ አይደሉም።

ከባሕር ዳር 200 ደብተር በ40 ብር ገዛችሁ፤ 8,000 ብር። የመኪና ወጪ 250 ብር። ጠቅላላ ወጪ 8,250። አንዱን በ45 ብር ትሸጣላችሁ። አሁን ሁሉም ሰው ቸኩሎ «5 ብር በ200፣ 1,000 ብር አተረፍን!» ይላል። ቆይ። አምስቱ ደብተር ዝናብ ነካቸው ወይም «ነገ እከፍላለሁ» ብሎ የወሰደው ልጅ ጠፋ። የተሸጠው 195 ነው፤ 8,775 ብር። ወጪው ሲቀነስ 525 ብር ቀረ። 1,000 አይደለም።

መቼስ 525 ብርም ብር ነው፤ ለአንዲት ልጅ ሳሙናና መጠበቂያ ይገዛል። ነገር ግን በሚቀጥለው መስከረም ደብተሩ 50 ብር ቢገባስ? 8,000 ብራችሁ 200 ሳይሆን 160 ደብተር ብቻ ይገዛል። ትርፉን ሳትነኩ ብትጨምሩበት እንኳ 170 ነው። ክበቡ አንድም ሰው ሳይሰርቀው፣ ማንም ሳይሳሳት ድሃ ሆነ ማለት ነው። ብዙ የተማሪ ሱቅ በሁለተኛው ዓመት የሚዘጋው በዚህ ምክንያት ነው። ስለዚህ ዋጋ ሲወሰን የከተማው ሱቅ በስንት እንደሚሸጥ ይጠየቃል፤ እነሱ 52 ብር እየሸጡ እናንተ በ45 መሸጥ ደግነት ቢመስልም መነሻ ካፒታሉን ይበላል። 48 ብሎ መሸጥ ለተማሪውም ይረክሳል፣ ክበቡንም ያቆያል። ከትርፉ የተወሰነው ሳይነካ ወደ ካፒታል ይመለስ የሚል ውሳኔም ገና ሽያጩ ሳይጀመር በቃለ ጉባኤ ይያዝ።

ስለ ገንዘብ አያያዝ ከወላጆቻችሁ እድር የተሻለ አስተማሪ አታገኙም። ሰብሳቢ አለ፣ ጸሐፊ አለ፣ ገንዘብ ያዥ አለ። ገንዘብ ያዡ ብቻውን ብር አያወጣም። መዝገቡን ማንም አባል ሊያይ ይችላል። ሒሳቡን የሚመረምር ሌላ ሰው ይመረጣል። የእናንተም ክበብ በየወሩ የገባውንና የወጣውን በአንድ ገጽ ጽፎ ከሚኒ ሚዲያው ሰሌዳ ላይ ይለጥፍ። ሰው የማያየው ሒሳብ ሐሜት ይወልዳል፤ ሐሜት ደግሞ ከኪሳራ ይብሳል።

አንድ ነገር ግን ሰሌዳ ላይ መለጠፍ የለበትም። የተረዱት ልጆች ስም። በአንዳንድ ትምህርት ቤት «ወላጆቻቸውን በኤድስ ያጡ ተማሪዎች» ተብለው በሰልፍ ላይ ስማቸው እየተጠራ፣ ፎቶ እየተነሱ ደብተር ይሰጣቸው እንደነበረ የሚያስታውሱ ብዙ ናቸው። ለጋሹ ለሪፖርት ፎቶ ይፈልጋል፤ ልጁ ግን ከዚያ ቀን በኋላ በክፍሉ ውስጥ በሌላ ስም ይጠራል። አንዳንዱ ደብተሩን ይዞ ትምህርቱን ትቷል። ስለዚህ ማን እንደሚረዳ ሁለት ሰው ብቻ ይወቅ፤ አንድ መምህርና አንድ የተማሪ ተወካይ። የሚሰጠውም «ችግር ላለበት ተማሪ ሁሉ» ይሁን እንጂ ከቫይረሱ ጋር አይያያዝ። በመዝገብ ላይ በቁጥር ይጻፍ፤ «ለ6 ተማሪዎች ሳሙና፣ ለ2 ተማሪዎች የአንድ ወር ኪራይ ድጋፍ» ከተባለ ለኦዲትም ይበቃል።

መነሻው 8,000 ብር ከየት ይምጣ ትሉ ይሆናል። እዚህ ላይ ነው ለጋሽ የሚያስፈልገው። ለወረዳው ጤና ጽሕፈት ቤት፣ ለወላጅ መምህር ኅብረት፣ ወይም ከትምህርት ቤታችሁ ተመርቀው በሌላ ከተማና በውጭ አገር ለሚኖሩ ሰዎች የምትጽፉት ደብዳቤ «እርዱን» ብቻ ከሚል ይልቅ ስሌቱን ይዞ ቢሄድ ይሻላል። ምን ገዝታችሁ በስንት እንደምትሸጡ፣ ምን ያህል ሊጎድል እንደሚችል፣ በሁለተኛው ዓመት ካፒታሉ ስንት እንደሚሆን ጻፉ። የሚሰጠው ሰው ገንዘቡን በየዓመቱ ሳይሆን አንድ ጊዜ ብቻ እንደሚጠየቅ ሲያውቅ እጁ ይፈታል። ገንዘቡ እጅ ላይ ካልገባ ደግሞ በአውራ አምባው መንገድ መጀመር ይቻላል። በወር አንድ ሐሙስ ከትምህርት በኋላ 20 ተማሪዎች ገበያ ላይ እህል ቢያወርዱ፣ ዕቃ ቢሸከሙ ወይም ቅዳሜ አንድ ገበሬ ማሳ ላይ ሩዝ ቢያጭዱ፣ የቀኑ ክፍያ ተሰብስቦ የመጀመሪያውን 50 ደብተር ይገዛል። ሥራው ከመጀመሩ በፊት ግን የተቆለፈውን ቁም ሣጥን አስከፍቱና ሁለት ቁልፍ አሠሩለት። አንዱ ከመምህሩ፣ አንዱ ከገንዘብ ያዣችሁ ዘንድ ይቀመጥ።